የእማማ ማርዌይ ቆብ

«ቆቡን ቡሲ ታድርገው» አለች የሟቿ የእማማ ማርዌይ ልጅ ኤስናት፤ የወንድሟ ሚስት ሹቫይ በአገሩ ወግ «ቴቴ» ትላታለች። «ሹቫይማ ሦስት ዓመት ሙሉ እናቴን እንደምን አደርሽ ሳትላት ኖራ፣ ዛሬ በየትኛው አፏ ነው እናቴን የምትሆነው?»

ሹቫይ ይህን የሰማችው ውጭ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ ጎመን ስትከትፍ ነው። የመስኮቱ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ የተደፈነበት ካርቶን ነፋስ እንጂ ድምጽ አይከለክልም። ቢላዋዋ አንዴ ቆመና ቀጠለ። አብረዋት የሚከትፉት የጎረቤት ሴቶችም ሰምተዋል፤ የሰሙ ላለመምሰል ግን አንደኛዋ የጎመን ዋጋ አነሳች። ባለፈው ሳምንት በአንድ ዶላር ሁለት እስር ይሰጡ የነበሩት ቸርቻሪዎች፣ ለለቅሶ ቤት መሆኑን ሲያውቁ አንድ እስር ብቻ ነው የሰጡት። ሌላዋ ማገዶውም እንደዚያው ነው፣ ሰው ሲሞት እንጨት ይወደዳል አለች።

ቆቡ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ቀትር ላይ አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል ምራቶች ከበሮ ይዘው ይገባሉ፤ ከመሀላቸው አንዷ የሟችን ልብስ ለብሳ ሟችን ትሆናለች። እንደ እሳቸው ትራመዳለች፣ እንደ እሳቸው ትቆጣለች፣ እንደ እሳቸው ትበላለች። ለቀስተኛው ይስቃል፣ ሳቁ ሲያልቅ እንባው ይመጣል። በዚያ ሰዓት ምራት የተናገረችው አይከሰስም፤ ማንም ሰው ተሰደብኩ ብሎ አይቀየምም። የሟችን ቆብ ያደረገች እሷ የቤቱ ምራት ናት። ያላደረገች ጎመን ከታፊ ናት።

ቡሲ ወደዚህ የሐራሬ ሰፈር፣ ወደ ሙፋኮሴ፣ የመጣችው ትናንት ማታ ነው፣ ከሹቫይ ባል ከጋሪካይ ጋር፣ በጆሃንስበርግ አውቶቡስ። ጋሪካይ ለሥራ ብሎ ወደዚያ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለቱ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዘው ከበሩ ሲገቡ፣ ለቀስተኛው መዝሙሩን ሳያቋርጥ አይን ለአይን ተያየ። ቴቴ ኤስናት ወንድሟን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ ቡሲን እጇን ይዛ አስገባችና ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ፣ ምራት በሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሹቫይ ያኔ ከጓሮ ውሃ ተሸክማ ስትገባ ነበር። ባልዲውን አስቀመጠች፣ ባሏን «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው፣ እሱም «አብሮ ያጽናን» አላት። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ምንጣፍ አልሄደችም። ቴቴ ኤስናትም ነይ አላለቻትም፤ ስትጠራትም ምራት ሳትላት በስሟ ብቻ ነው፤ «ሹቫይ፣ ጨው የት አለ? ሹቫይ፣ ሰሃን አልበቃም»።

ቴቴ ኤስናት ያለችው ደግሞ ሐሰት አይደለም። ሹቫይና እማማ ማርዌይ ሦስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ተኳርፈው ኖረዋል። ጋሪካይ ጆሃንስበርግ ሌላ ሴት ማስገባቱን እማማ ማርዌይ ዓመት ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ሹቫይ የሰማችው ዕቃ ከሚያመላልስ ሹፌር ነው። «እያወቁ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ማርዌይ የሚመድቡትን ቲማቲም ትተው ቀና አሉና «ልጄ ነው» አሏት። ይኸው ነበር የመጨረሻው ንግግራቸው። ከዚያ በኋላ እማማ ማርዌይ የሚፈልጉትን የሚናገሩት ለሬዲዮናቸው ሆነ። «አንተ ሬዲዮ፣ በዚህ አገር ጨው በዛ የሚል ዜና የለህም?» ይላሉ፣ ሹቫይ በሰሃን ገንፎ አቅርባ ስትወጣ። ሹቫይም የምትመልሰው ለድስቱ ነው። «ድስቴ ሆይ፣ የቀመሰ ምላስ ስንት ቲማቲም ሲያሞግስ እንደዋለ ታውቂያለሽ?» ትላለች። ጎረቤቱ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ ለመደው። ሹቫይ ወደ ወላጆቿ አልተመለሰችም፤ እማማ ማርዌይም ሂጂ አላሉም።

ቤቱ ወጥ ቤቱን ሳይጨምር ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ያለው ሰፊው፣ ዛሬ አስከሬኑ ያለበት፣ የእማማ ማርዌይ መኝታም ሳሎንም ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የሹቫይ ክፍል ነው። ውሃ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ጎህ ሳይቀድ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈሶ ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት እማማ ማርዌይ በከዘራቸው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ይመቱታል። ስም መጥራት የለም፣ ተነሺ የለም። ሹቫይ ይህን ከስድብ ትቆጥረው ነበር፤ ውሻ እንኳ በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ተነስታ ስትወጣ የቆርቆሮውን ባልዲ ከቧንቧው ሥር ታስቀምጠዋለች ከማለት ትወረውረዋለች ማለት ይቀላል። ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል። ሰምተሻል እንግዲህ፣ አሮጊት፣ ማለቷ ነበር።

ጎመኑ ተከትፎ ወደ ትልቁ ድስት ሲገባ ከፊት ለፊት መዝሙሩ ቆመ። ጋሪካይ የእናቱን የሕይወት ታሪክ ሊያነብ ነው ተባለ። ሹቫይ እጇን በሽርጧ ጠርጋ በወጥ ቤቱና በሰፊው ክፍል መካከል ባለው በር ላይ ቆመች። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ሶፋው ወጥተው ክፍሉ ባዶ ሆኗል፤ ቀይ ሸሚዝና ነጭ ቆብ ያደረጉት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በግድግዳው ዙሪያ እግራቸውን ዘርግተው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የሬሳ ሳጥኑ መሀል ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ የእማማ ማርዌይ አረንጓዴ የሱፍ ቆብ፣ ክርናቸው ላይ የተጣፈው ሹራብና ከዘራቸው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ የጣት ጫፍ የሚያህል ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ሲሚንቶው ይታያል።

ጋሪካይ ከስልኩ ላይ አነበበ። እናታችን ገጠር፣ ጉቱ ተወለዱ አለ፣ በልጅነታቸው ወደ ሐራሬ መጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቲማቲም ሸጠው ልጆቻቸውን አሳደጉ። እስከዚህ ደህና ነበር። «እናታችን ፈገግታ ከከንፈራቸው የማይለይ፣ ሰውን ሁሉ እኩል የሚወዱ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ፣ ትዕግሥተኛ እናት ነበሩ» ሲል ግን፣ በበሩ በኩል የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ቪምባይ ወደ ሹቫይ ዘንበል አለች።

«ኧረ ሳጥኑን ክፈቱት» አለች በሹክሹክታ። «ሌላ ሰው አምጥተውብን እንዳይሆን።»

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ጋሪካይ አንብቦ ሲጨርስ አሜን ተባለ። ያለቀሰ አልነበረም። ጋሪካይ ራሱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል ወለሉን እያየ ቆየ፤ ከዚያ ወጥቶ በሩ ላይ ከወንዶቹ ጋር ቆመ።

ምራቶቹ ከበሮ እየመቱ ገቡ፤ አብዛኞቹ የጋሪካይ አጎቶች ልጆች ሚስቶች ናቸው፣ ከገጠር የመጡ። ቴቴ ኤስናት ከሳጥኑ ላይ ቆቡን አንስታ ቡሲ ራስ ላይ አደረገችው፣ ሹራቡን አለበሰቻት፣ ከዘራውን አስያዘቻት። ቡሲ እንቢ አላለችም። አገሩ የሷ አይደለም፣ ቋንቋውም ገና አልገባትም፤ አሮጊት ሁኚ የተባለች መስሏት ወገቧን ሰበረች፣ እጇን አንቀጠቀጠች፣ እየሳለች ሳጥኑን መዞር ጀመረች። ከበሮው ሁለት ጊዜ መታና ቀዘቀዘ። እማማ ማርዌይ በሰባ ዓመታቸው እንኳ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት።

«ይቺ የማን አሮጊት ናት?» አለች ቪምባይ፣ አሁን ጮክ ብላ። «ማርዌይ ጎንበስ የምትለው የወደቀ ቲማቲም ስታነሳ ብቻ ነው!»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚፈለገው ዓይነት አልነበረም። ቡሲ ቆመች። በሩ ላይ ወደቆመው ወደ ጋሪካይ ተመለከተች፤ እሱ ጫማውን ያያል። ቴቴ ኤስናትን አየች፤ ቴቴ ኤስናት «ቀጥይ፣ ቀጥይ» እያለች በእጇ ትገፋታለች። ቡሲ ቆቡን አወለቀች። የተዘረጉትን እግሮች እየተራመደች ወደ ወጥ ቤቱ በር መጣችና ቆቡንም ሹራቡንም ከዘራውንም ለሹቫይ ሰጠቻት።

«እህቴ» አለች በተሰባበረ አነጋገር፣ «እኔ እሳቸውን አላውቅ።»

ቴቴ ኤስናት ዞር ብላ ክፍሉን አየች። ሰው ሁሉ እያያት ነው። «እንግዲያ ነያ» አለች በመጨረሻ። «ከሬዲዮው ሌላ የምታውቂው ካለ እናያለን።»

ሹቫይ ቆቡን ስታደርግ ቪምባይ ሽርጧን ጎተት አደረገቻት። «ቀንሽ ዛሬ ነው» አለቻት። «በማርዌይ አፍ ልክ ልካቸውን ንገሪልኝ።» ሹቫይም ይህን ሳታስብ አልቀረችም። ትናንት ቡሲ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር በአፏ ይዛ ቆይታለች፤ እናት ለልጇ የምትለው፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ የማይከሰስ። ጋሪካይም ጠርጥሮ መሰለኝ፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ቆሟል።

ሹራቡ የእማማ ማርዌይን ሽታ ይዟል፣ ካምፎርና ቲማቲም። ሹቫይ ትከሻዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ከዘራውን እንደ ፖሊስ ዱላ ብብቷ ሥር ሻጠችውና ሳጥኑን አንድ ጊዜ ዞረች። ገና ምንም ሳትናገር አንዲት ሴት «ኡ! መጣች!» ብላ ጮኸች። ሹቫይ መሀል ላይ ቁጢጥ ብላ ባዶ ወለል ላይ ቲማቲም መደበች፤ የተመታውን ከታች፣ ቀዩን ከላይ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ እንደ ገዢ እጇን ዘረጋች። ሹቫይ እጇን በጥፊ መታቻት። «አትጭመቂው! ጡት አይደለም!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ውጭ የቆሙት ወንዶች አንገታቸውን በመስኮት አስገቡ። ከዚያ ተነስታ ወደማይታየው ሬዲዮ ዞረች። «አንተ ሬዲዮ፣ በዚህ ቤት በጓሮ በኩል ያለችው ሴት ገንፎ ነው የሠራችው ወይስ ግድግዳ ልትለስን ነው?» ቪምባይ እንባዋን እየጠረገች «እሷ ናት! አምላኬ፣ እሷ ናት!» ትላለች። ቴቴ ኤስናት አልሳቀችም። ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣ አይኗን አልነቀለችም።

አሁን ዓረፍተ ነገሩ ደረሰ። ሹቫይ ወደ በሩ ዞራ ጋሪካይን አየችው፤ ሰውም የሚመጣውን ጠብቆ ጸጥ አለ። አፏን ከፈተች። በእማማ ማርዌይ ድምጽ ልትለው ሞከረች፣ አልወጣም። እንደ ሌላ ሰው ጫማ ነው፤ እግር ይገባል፣ አይሄድም። እማማ ማርዌይ ያንን አይሉም ነበር። ስለ ልጃቸው የሚሉት ሁለት ቃል ነበር፣ «ልጄ ነው»፤ ሁለቱንም ብለዋቸዋል። ሹቫይ ሌላ የምታደርገው ስታጣ ወደ ሰማያዊው ግድግዳ ሄደች። አልጋው ከነበረበት ቦታ ቆማ ከዘራውን አነሳች። ቀለሙ የተላጠበት ላይ ሦስት ጊዜ መታች።

ጎረቤቶቹ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ እንደገና ሳቁ፤ ሳቁ አለቀ፤ ሹቫይ ግን ከዘራውን እንደያዘች ቀረች። ይህን ምት ሦስት ዓመት ስትሰማ የኖረችው ከወዲያ ነው። ከዚህ በኩል ቆማበት አታውቅም።

«ቀጥይ እንጂ» አለች ቪምባይ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም» አለች ሹቫይ፣ በራሷ ድምጽ።

ከበሮ የያዙት ምራቶች ተያዩ። ሟች እንዲህ በመሀል ተንጠልጥላ አትተውም፤ ነውርም ገደቢስም ነው፤ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። እማማ ማርዌይን በመጨረሻው ወር፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ተኝታ ያስታመመቻቸው ቴቴ ኤስናት ናት። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቴቴ ኤስናት የነጠላ ጫማዋን ማሰሪያ ስትነካካ ቆየች።

«ጆሮዋን ትለጥፋለች» አለች ወለሉን እያየች።

«የት ላይ?»

«እዚያው። ከመታችበት ዝቅ ብሎ። ብርድ ነው፣ ተኚ እላታለሁ። ቆይ፣ ገና ናት ትለኛለች። ያ ባልዲ እስኪጮህ ከግድግዳው አትነሳም። ሲጮህ ‹ይኸው፣ ዛሬም ደህና አድራለች› ትልና ወደ አልጋዋ ትመለሳለች። መቆም ካቃታትም ወዲያ ደግፊኝ እያለችኝ።»

ሹቫይ ቆቡን ከጆሮዋ ከፍ አደረገችና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ከወዲያ የራሷ ክፍል ነው፤ የተቆለለው ሶፋና ቁም ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ ምንም አይሰማም። ጠበቀች። ማንም አላሳለም። ውጭ እሳቱ ዘንድ አንድ ሰው አንድ ነገር ሊናገር ሲጀምር ዝም አሰኙት።

ቴቴ ኤስናት ተነሳች። የተዘረጉትን እግሮች ተራምዳ፣ በወጥ ቤቱ በኩል፣ ማንንም ሳታይ ወጣች። የጓሮው በር ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ የቆርቆሮ ባልዲ ሲሚንቶ ላይ ተወርውሮ ጮኸ፤ ሦስት ቤት ድረስ ተሰምቷል።

«ይኸው» አለች ሹቫይ፣ በእማማ ማርዌይ ድምጽ። «ዛሬም ደህና አድራለች።»

ከግድግዳው ግን አልተነሳችም። ለቅሶውን ማን እንደጀመረው በኋላ ሴቶቹ ተከራክረዋል፤ ቪምባይ እኔ ነኝ ትላለች። ሹቫይ ግንባሯን ሰማያዊው ቀለም ላይ አስደግፋ ስትንሰቀሰቅ ቆቡን ከራሷ የሚያወልቅላት አልነበረም። ጓሮ ደግሞ ቴቴ ኤስናት ባልዲውን አቅፋ ከቧንቧው ሥር ቁጭ ብላ ነበር ያገኟት። አስከሬኑ ከቤት የወጣው ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ ነው፤ ለቀስተኛውን ወደ መቃብር የሚወስደው አውቶቡስ ሹፌር ጡሩንባ ነፋ፣ ማንም አልሰማውም።

መቃብር ላይ የተለየ ነገር አልነበረም። አፈሩ ቀይ ነው፣ ፀሐዩ ይከብዳል፣ ከጎናቸው ሁለት ሌሎች ቀብሮች ነበሩ። ምራት መጀመሪያ አፈር ታልብስ ሲባል የቀብር አስፈጻሚው ሽማግሌ ጣት ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ መስሎ ተንጠለጠለ፤ ቡሲ ራሷ ወደ ኋላ ሄዳ ከቪምባይ ጎን ቆመች። ሹቫይ አፈሩን ዘግና ጣለች። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጋሪካይ ከኋላዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሰው ፊት ምን ልትዪኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» አላት።

«እናትህ ስለ አንተ ምንም አይሉም» አለች ሹቫይ፣ ከመስኮቱ ሳትዞር።

ማምሻውን ለቀስተኛው ሳሳ። ጋሪካይና ቡሲ በማግስቱ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ ሊመለሱ ነው፤ ጎረቤት ቤት ማደሪያ ተሰጥቷቸዋል። ሹቫይ የተረፈውን ገንፎ ከድስቱ ሥር እየፋቀች ሳለ ቴቴ ኤስናት በባዶው ሰፊ ክፍል ውስጥ ፍራሿን ስታነጥፍ ሰማቻት። እስከ መጪው እሁድ እዚሁ ነኝ ብላለች። ትንሽ ቆይታ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። አረንጓዴው ቆብ በእጇ ነው። ሰሃን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ውሰጂ አላለችም፣ አትንኪም አላለችም።

«ምራት» አለች። «ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?»

ሹቫይ ድስቱን መፋቅ አቆመች። «ሐሙስ ነው፣ ቴቴ። ጎህ ሳይቀድ።»

«እቀሰቅስሻለሁ። እኔ አፍ አለኝ፣ እንደሷ ግድግዳ አልደበድብም፤ በስምሽ ነው የምጠራሽ።»

ሹቫይ ቆቡን አየችው፣ ከዚያ ቴቴ ኤስናትን።

«አይ፣ ቴቴ» አለች። «ያንኳኩልኝ።»